ላልቀበርናቸው ሙታን ያለብን ዕዳ

ፊቱን ላላየነው፣ ድምፁን ላልሰማነው ሟች ማዘን ይገባናልን? የሚገባን ከሆነስ ሐዘናችን ግዴታ ነው ወይስ ልባችን ሲራራ ብቻ የምንሰጠው ምጽዋት? ጥያቄው መጀመሪያ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። አንዱ «ሰው ሁሉ ወንድማችን ስለ ሆነ ለሁሉም እናዝናለን» ብሎ ይመልሳል። ሌላው ደግሞ «ለማያውቁት ሰው የሚፈስ እንባ የይምሰል ነው» ይላል። ሁለቱም መልሶች ፈጥነው የሚሰጡ በመሆናቸው ጥያቄውን ይዘጉታል እንጂ አይፈቱትም።

ጉዳዩ ለሊቃውንት ክርክር ብቻ የሚተው አይደለም። ልጆቻቸው በሱዳንና በሊቢያ በኩል ወደ ሜዲትራኒያን ባሕር፣ ወይም ቀይ ባሕርን ተሻግረው ወደ የመንና ወደ ዓረብ አገሮች ከተጓዙ በኋላ ድምፃቸው የጠፋባቸው ወላጆች በመካከላችን አሉ። በአገራችን ልማድ ሞት ሥርዓት አለው። መርዶ የሚነግሩ ሽማግሌዎች ተመርጠው ገና ሳይነጋ ወደ ቤቱ ይሄዳሉ፤ ጎረቤት ይሰበሰባል፤ ዕድሩ ድንኳን ይተክላል፤ አስከሬን ባይኖር እንኳ የሟቹ ልብስና ፎቶግራፍ ወጥቶ ይለቀስበታል፤ በዚህም ቤተ ዘመድ እርሙን ያወጣል። ወሬው ያልተረጋገጠለት ቤት ግን ከዚህ ሁሉ ውጭ ነው። እናቲቱ «ነፍሱን ይማር» እንዳትል ልጇን በገዛ አፏ የገደለች ይመስላታል፤ «በሰላም ይመልሰው» እንዳትል ያለፉት ዓመታት ያስፈሯታል። ጎረቤትም የሚናገረውን ስለሚያጣ ቀስ በቀስ መጠየቁን ይተዋል። እንዲህ ያለች እናት ወደ ትምህርተ ክርስቶስ መምህሩ መጥታ «ምን ብዬ ልጸልይ?» ብትለው መምህሩ ምን ይመልስላታል?

ይህን ጥያቄ አጥብቀን እንድናስብበት ያደረገን በ2023 ዓ.ም. ለሌላ ጉዳይ ወደ ስዊዘርላንድ በተጓዝንበት ጊዜ ያየነው የቅርጻ ቅርጽ ዐውደ ርእይ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከባዝል ከተማ በ6 ቁጥር ትራም ሲሄዱ ሪኸን ከምትባል አነስተኛ የድንበር ከተማ ይደረሳል። በዚያም ጣሊያናዊው አርክቴክት ሬንዞ ፒያኖ የነደፈውና በ1997 የተከፈተው የባየለር ፋውንዴሽን ቤተ መዘክር ይገኛል። ከሜይ 21 እስከ ሴፕቴምበር 17 ቀን 2023 ድረስ በአዳራሾቹ ውስጥ የታየው፣ ኮሎምቢያዊቷ ቀራፂ ዶሪስ ሳልሴዶ ከሠላሳ ዓመት በላይ ከሠራቻቸው ሥራዎች ዋና ዋናዎቹ በአንድነት የቀረቡበት ዐውደ ርእይ ነበር።

ቀራፂዋና አገሯ

ዶሪስ ሳልሴዶ በ1958 በቦጎታ ተወለደች። በትውልድ ከተማዋና በኒው ዮርክ ሥነ ጥበብ ተምራ በ1985 ወደ አገሯ ተመለሰች። በዚያው ዓመት ኖቬምበር 6 እና 7 ቀን «ኤም 19» የተባለው የታጠቀ ቡድን በቦጎታ የሚገኘውን የፍትሕ ቤተ መንግሥት በኃይል ያዘ፤ ሠራዊቱም በታንክ ገባበት፤ ሕንፃው ተቃጠለ፤ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞች ያሉባቸው ወደ መቶ የሚጠጉ ሰዎች አለቁ። ከዐሥራ ሰባት ዓመት በኋላ፣ በ2002፣ ሳልሴዶ በዚያው ቦታ በተሠራው አዲስ ሕንፃ ግድግዳ ላይ 280 ባዶ ወንበሮችን ከጣሪያው ቁልቁል አንድ በአንድ አወረደች። ሥራው 53 ሰዓት ፈጀ። ንግግር አልተደረገም፤ ሐውልትም አልቆመም። መንገደኛው ቆሞ ካየ በኋላ ሄደ፤ ወንበሮቹም ተነሡ።

ኮሎምቢያ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት በመንግሥት ሠራዊት፣ በሽምቅ ተዋጊዎችና በሌሎች ታጣቂዎች መካከል ስትታመስ የኖረች አገር ናት። የአገሪቱ የእውነት ኮሚሽን በ2022 ባወጣው ዘገባ፣ ከ1985 ጀምሮ ከ450,000 በላይ ሰዎች መገደላቸውንና ከ120,000 በላይ ሰዎች ታፍነው የደረሱበት መጥፋቱን ገልጿል። የጠፋ ሰው መቃብር የለውም፤ ቤተሰቡም እርሙን አላወጣም። ሳልሴዶ ወደ እነዚህ ቤተሰቦች ትሄዳለች፤ ከእናቶች፣ ከመበለቶችና ከሙት ልጆች ጋር ተቀምጣ የሚነግሯትን ለረጅም ጊዜ ታዳምጣለች። ከዚያ በኋላ ከረዳቶቿ ጋር ወደ ሥራ ክፍሏ ገብታ ሸሚዝ፣ ጫማ፣ አልጋ፣ ቁም ሣጥንና ጠረጴዛ ይዛ ትሠራለች። በሥራዋ ውስጥ የሟች ፊት፣ ደም ወይም መሣሪያ አይታይም። የሚታየው ሟቹ ትቶት የሄደው ዕቃ ነው።

በአዳራሾቹ ውስጥ ያየነው

ከቀደሙት ሥራዎቿ አንዱ የነጭ ሸሚዞች ክምር ነው። ሸሚዞቹ ታጥበውና ተተኩሰው በሥርዓት ተጣጥፈዋል፤ በጄሶ ደርቀው አንዱ በአንዱ ላይ ከተደረደሩ በኋላ ረጅም የብረት ዘንግ ከላይ እስከ ታች ወግቷቸዋል። ሥራው የታሰበው በ1988 በሙዝ እርሻ ሠራተኞች ላይ ከተፈጸመ ጭፍጨፋ በኋላ ነው። ሚስት ባሏ ወደ ሥራ ሲሄድ የሚለብሰውን ሸሚዝ ታጥባ፣ ተኩሳና አጣጥፋ ታስቀምጣለች፤ የሚለብሰው ሰው ግን አይመለስም። የትንሣኤን ወንጌል የሚያስተምር ሰው በእነዚህ ሸሚዞች ፊት ሲቆም፣ ወንጌላዊው ዮሐንስ በባዶው መቃብር ውስጥ ተጠቅልሎ ስለ ተገኘው የራስ ጨርቅ የጻፈውን ማስታወሱ አይቀርም። በዚያ የተጣጠፈው ጨርቅ የምሥራች ምልክት ነበረ። በዚህ የተጣጠፉት ሸሚዞች ግን እስካሁን የሚጠባበቁ ናቸው።

በሌላ ክፍል ግድግዳው ውስጥ ትንንሽ መስኮቶች ተቦርቡረዋል። በእያንዳንዱ መስኮት ውስጥ ያረጀ ጫማ ተቀምጧል፤ አብዛኞቹ የሴት ጫማዎች ናቸው። የመስኮቱ አፍ ከላም ፊኛ በተሠራ ስስ ቆዳ ተሸፍኖ፣ ዳሩ በቀዶ ጥገና ክር ከግድግዳው ጋር ተሰፍቷል። ጫማው በቆዳው ውስጥ ደብዝዞ ይታያል፤ ቀርበን ብናይም አይጠራልንም። ቀራፂዋ ይህን የሠራችው፣ ከጅምላ መቃብር የወጣ አስከሬን በጫማው ብቻ የሚታወቅበት ጊዜ እንዳለ ከተረዳች በኋላ ነው። ቤተሰቡ የማይጥለውና ደግሞ የማይነካው ዕቃ እንዳለ፣ ሐዘን የደረሰበት ቤት ሁሉ ያውቃል።

ከዚያ ቀጥሎ ጠረጴዛዎች ይመጣሉ። «ኡንላንድ» በተባለው ተከታታይ ሥራ ውስጥ የሁለት የተለያዩ ጠረጴዛዎች ግማሾች ተጋጥመዋል፤ በእንጨቱም ላይ እጅግ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ተበስተው የሰው ፀጉርና የሐር ክር በእጅ ተሰፍቶባቸዋል። ከሩቅ የሚያይ ሰው ተራ ጠረጴዛ ያየ ይመስለዋል። ከዚህ ተከታታይ ሥራ ሦስት ጠረጴዛዎች አንዷ «የሙት ልጅ ቀሚስ» ትባላለች። እናቷ ስትገደል ያየች አንዲት የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ቀራፂዋ ባገኘቻት ጊዜ በየቀኑ የምትለብሰው ያንኑ አንድ ቀሚስ ነበረ፤ ቀሚሱን የሰፋችላት እናቷ ናት።

«ፕሌጋሪያ ሙዳ»፣ ማለትም «ድምፅ አልባ ጸሎት»፣ በ2008 እና በ2010 መካከል የተሠራ ነው። ርዝመታቸው የሬሳ ሣጥን ያህል የሆነ ጠረጴዛዎች ሁለት ሁለት እየሆኑ ተደርድረዋል። የላይኛው በታችኛው ላይ ተገልብጦ ተቀምጧል፤ በመካከላቸውም ወፍራም የአፈር ንጣፍ አለ። በላይኛው ጠረጴዛ ሣንቃ ስንጥቆች በኩል ቀጫጭን የሣር ቅጠሎች በቅለው ይታያሉ። ለሥራው ምክንያት ከሆኑት ነገሮች አንዱ፣ የኮሎምቢያ ወታደሮች ድሆች ወጣቶችን በሥራ ተስፋ አታለው ወስደው ከገደሉ በኋላ፣ የሽምቅ ተዋጊ ልብስ አልብሰው «በውጊያ የወደቀ ጠላት» እያሉ ያስመዘገቡበት ወንጀል ነው። ለሰላም የተቋቋመው ልዩ ፍርድ ቤት በ2021 ባስታወቀው መሠረት፣ ከ2002 እስከ 2008 ባለው ጊዜ በዚህ መንገድ የተገደሉት ቢያንስ 6,402 ናቸው። በእነዚህ ጠረጴዛዎች መካከል መንገዱ ጠባብ ስለ ሆነ ጎብኚው ቀስ ብሎ ይሄዳል። ማንም ዝም በሉ ሳይለው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ በመካነ መቃብር መካከል እንደሚሄድ ሰው።

ስለ መግነዙ ደግሞ ጥቂት እንበል። ታፍና ተሠቃይታ ስለ ተገደለችና አስከሬኗ ስላልተገኘ አንዲት ነርስ፣ ሳልሴዶ ከረዳቶቿ ጋር ከጽጌረዳ አበባ ቅጠሎች ትልቅ መግነዝ ሠራች። ቅጠሎቹ እንዳይበሰብሱ ልዩ እንክብካቤ ተደርጎላቸው፣ እያንዳንዳቸው በቀዶ ጥገና ክር በእጅ ተሰፍተው፣ እንደ ጨርቅ በወለሉ ላይ ተዘርግተዋል። ቀለሙ የደረቀ ደም ይመስላል፤ ስስነቱም ትንፋሽ የሚቀድደው ያህል ነው። ሊገነዝ የሚገባው አካል ስላልተገኘ መግነዙ ባዶውን ቀርቷል።

በውኃ የሚጻፍ ስም

ወደ ሌላ ቦታ ሊወሰድ የማይችል አንድ ሥራ ግን በመጽሐፍና በፎቶግራፍ ብቻ የሚታወቅ ነው። ሳልሴዶ በ2007 በለንደን ቴት ሞደርን በተባለው ቤተ መዘክር ትልቅ አዳራሽ ወለል ላይ 167 ሜትር የሚረዝም ስንጥቅ ሠርታ «ሺቦሌት» አለችው። ስሙ የተወሰደው ከመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 12 ነው። የገለዓድ ሰዎች የዮርዳኖስን መሻገሪያ ይዘው፣ ሊሻገር የሚመጣውን ሁሉ ያንን ቃል እንዲናገር ያስገድዱት ነበር። «ሸ» ማለት ተስኖት «ሰ» ያለው የኤፍሬም ሰው መሆኑ ይታወቅና በዚያው ይታረድ ነበር፤ እንደ መጽሐፉ ቁጥር 42,000 ሰዎች ወደቁ። አንዲት ፊደል ሕይወትንና ሞትን ለየች። ዐውደ ርእዩ ሲያበቃ ስንጥቁ ተደፈነ፤ ጠባሳው ግን እስካሁን በወለሉ ላይ ይታያል።

ከውኃ መሻገሪያ ዳር ማን ይለፍ፣ ማን ይቅር የሚለው ጥያቄ በባየለር ቤት በተለየ አዳራሽ በታየው ሥራ እንደ ገና ይነሣል። ሥራው «ፓሊምፕሴስት» ይባላል፤ ቃሉ ተፍቆ ዳግመኛ የተጻፈበትን ብራና ያመለክታል። ወለሉ አሸዋማ መልክ ባላቸው ሰፋፊ የድንጋይ ጠፍጣፎች ተነጥፏል፤ በላዩም ወደ አውሮፓ ሊሻገሩ ሲሉ በሜዲትራኒያን ባሕርና በአትላንቲክ ውቅያኖስ የሰመጡ ስደተኞች ስሞች ተጽፈዋል። ከ2010 በፊት የሞቱት ስሞች በአሸዋ ተጽፈው ደብዘዝ ብለው ይታያሉ። በእነርሱ ላይ ከ2011 እስከ 2016 የሞቱት ስሞች በውኃ ይጻፋሉ። ከድንጋዩ ሥር በተዘረጋው ቧንቧ የሚመጣ ውኃ በጥቃቅን ቀዳዳዎች ወጥቶ ጠብታ ይሆናል፤ ጠብታዎቹ ተያይዘው ፊደል፣ ፊደሎቹም ስም ይሆናሉ። ስሙ ጥቂት ጊዜ አብረቅርቆ ይቆይና ወደ ድንጋዩ ተመልሶ ይሰርጋል፤ ሌላ ስም ይመጣል። የሚያየው ሰው ድንጋዩ የሚያለቅስ ይመስለዋል። ስሞቹን ፈልጎ ለማግኘት ቀራፂዋና ረዳቶቿ ዓመታት ፈጅቶባቸዋል፤ ሰመጠ የተባለውን ሰው ስም ከመዝገብ ማግኘት ብዙ ጊዜ አይቻልምና።

ይህ አዳራሽ ለኛ የሩቅ አገር ነገር ሊሆንብን አልቻለም። ኦክቶበር 3 ቀን 2013 በላምፔዱሳ ደሴት አጠገብ በሰመጠችው አንዲት ጀልባ 368 ሰዎች አልቀዋል፤ አብዛኞቹ ኤርትራውያን ነበሩ። ከዚያ በሦስት ወር ቀደም ብሎ፣ ጁላይ 8 ቀን 2013፣ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ በዚያች ደሴት መሥዋዕተ ቅዳሴ አሳርገው፣ በባሕር ላይ ስለ ሞቱት ሰዎች ከመካከላችን ያለቀሰ ማን እንደ ሆነ ጠይቀው ነበር። በ2025 እስከ ዐረፉበት ጊዜ ድረስም ስለ ስደተኞች መናገራቸውን አልተዉም። ዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት እንደ መዘገበው፣ ከ2014 እስከ 2023 መጨረሻ ባሉት ዐሥር ዓመታት በሜዲትራኒያን የሞቱትና የጠፉት ከ28,000 በላይ ናቸው። የእኛም ልጆች ከእነዚህ መካከል ናቸው።

ሦስት ተቃውሞዎች

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ጥያቄያችን እንመለስ። እንዲህ ያለውን ሥራ የሚቃወም ሰው ቢያንስ ሦስት ነገር ሊናገር ይችላል፤ ሦስቱም ሊናቁ የሚገባቸው አይደሉም።

የመጀመሪያው፣ የማያውቁትን ሰው ማልቀስ ማስመሰል ነው የሚለው ነው። ሐዘን ስሜት ብቻ ቢሆን ኖሮ ተቃውሞው እውነት በሆነ ነበር፤ የእናቲቱን ሕመም ሌላ ሰው ሊሰማው አይችልም፤ ተሰማኝ ቢልም ከእርሷ እንደ መስረቅ ይቆጠራል። ነገር ግን ቋንቋችን ራሱ ሌላ ነገር ያስተምረናል። «ለቅሶ ደረስን» እንላለን እንጂ «ለቅሶ ተሰማን» አንልም። ለቅሶ የሚደርስ ሰው ብዙ ጊዜ ሟቹን በዓይኑ አይቶት አያውቅም። የሚሄደው በዚያ ቤት ሰው ስለ ጎደለና ያ ጉድለት ምስክር ስለሚያስፈልገው ነው። ጦቢትም በነነዌ ከቅጥር ውጭ የተጣሉትን ወገኖቹን ሲቀብር ዘመዶቹ መሆናቸውን አልጠየቀም። የበዓል ማዕዱን ሳይቀምስ ተነሥቶ አስከሬን አመጣ፤ ጎረቤቶቹ ሲሣለቁበትም ጉድጓድ መቆፈሩን አልተወም። ቤተ ክርስቲያን ሙታንን መቅበርን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 በተዘረዘሩት ስድስት የምሕረት ሥራዎች ላይ ሰባተኛ አድርጋ የጨመረችው ከጦቢት ተምራ ነው። ስለዚህ ዕዳችን የስሜት ሳይሆን የሥራ ዕዳ ነው፤ መነሣት፣ መሄድ፣ መቆፈር፣ መስፋት፣ ስም መፈለግ። የጽጌረዳው መግነዝ ትርጉምም ከዚህ ይመነጫል። አንዲት ያልታወቀች ሴት ተሠቃይታ የሞተችበትን ሰዓት መመለስ የሚችል የለም፤ ለእርሷ በትዕግሥት መርፌ መያዝ ግን ይቻላል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከባድ ነው። በሰው መከራ ውብ ነገር መሥራት፣ ያንንም በመግቢያ ክፍያ ማሳየትና በገንዘብ መሸጥ ተገቢ ነውን? ከአዳራሾቹ ስንወጣ ይህ ጥያቄ በልባችን ነበረ። ሸሚዙን ያጠበችው መበለት ሪኸን ድረስ መጥታ አላየችም፤ ያየነው ትራም የተሳፈርንና የመግቢያ ትኬት የቆረጥን ሰዎች ነን። ለዚህ ሙሉ መልስ አለን አንልም። ነገር ግን ሁለት መለኪያዎችን ማቅረብ ይቻላል። አንደኛው፣ ሥራው የሟቹን ውርደት ለዓይን ያጋልጣል ወይስ ይሸፍናል? የጋዜጣና የቴሌቪዥን ሥዕል አብዛኛውን ጊዜ ያጋልጣል፤ ሳልሴዶ ግን በጫማው ላይ ቆዳ ሰፍታበታለች። ሁለተኛው፣ ሥራው የሐዘንተኛዋን ቦታ ይወስዳል ወይስ ይጠብቅላታል? ባዶ ወንበር የሌላ ሰው መቀመጫ መሆኑን ሁሉ ያውቃል፤ ማንም አይቀመጥበትም።

በቢታንያ ማርያም ውድ ሽቱ በጌታ እግር ላይ ስታፈስስ ይሁዳ ሽቱው ለምን ለሦስት መቶ ዲናር ተሸጦ ለድሆች አልተሰጠም ብሎ ነበር። ጌታ ግን ነገሩን ከቀብሩ ጋር አያያዘው። በሞት ፊት የሚቀርብ ውድና ውብ ነገር ሁሉ ከድሃ የተሰረቀ እንዳልሆነ ከዚህ እንረዳለን። በዚያው ወንጌል ግን ስለ ድሆች የተናገረው ሰው ኮሮጆ ያዥ እንደ ነበረም ተጽፏል። ስለዚህ ገንዘቡ ወደ ማን ኮሮጆ ይገባል የሚለው ጥያቄ፣ የሚሸጡትንና የሚገዙትን ሰዎች ሊለቃቸው አይገባም። እኛንም ጎብኚዎቹን ሊለቀን አይገባም፤ ውበቱን አድንቀን ወደ ቤታችን ብንመለስና ምንም ባንለወጥ፣ በሰው መከራ የተጠቀምነው እኛ ነን።

ሦስተኛው ተቃውሞ፣ ለሙታን ከማልቀስ ሕያዋንን መርዳት ይሻላል የሚል ነው። ሁለቱ የሚጣሉ ቢሆኑ ኖሮ በእርግጥ መምረጥ ባስፈለገ ነበር። ነገር ግን ያልተለቀሰለት ሞት በቀላሉ ይደገማል። ስሙን የጠየቀ ሰው ከሌለ ሰውየው ቁጥር ይሆናል፤ ቁጥርም በቁጥር ላይ ሲጨመር ማንም አይደነግጥም። ኮሎምቢያ ከሽምቅ ተዋጊው ከፋርክ ጋር በ2016 የሰላም ስምምነት ከፈረመች በኋላ፣ የቡድኑ መሣሪያዎች ቀልጠው ለመታሰቢያ እንዲሆኑ ተወሰነ። ሳልሴዶ 37 ቶን ከሚሆነው ከዚያ ብረት ሐውልት ማቆም እንቢ አለች። ሐውልት ጦርነትን ያከብራል ብላ ወለል ሠራችበት፤ በ2018 በቦጎታ የተከፈተው «ፍራግሜንቶስ» ይህ ነው። ለወለሉ ቅርፅ የሆኑትን የብረት ሉሆች በመዶሻ የቀጠቀጡት በጦርነቱ ጊዜ የተደፈሩ ሴቶች ናቸው። ዛሬ ወደዚያ የሚገባ ሰው መሣሪያዎቹን በእግሩ ይረግጣቸዋል። እነዚያ ሴቶች መዶሻ ሲያነሡ ያለፈውን እያለቀሱ ነበር ወይስ የሚመጣውን እየሠሩ? ሁለቱን መለየት የሚቻል አይመስለንም።

ከእኛ የሚጠበቀው

ቀራፂዋ ያላለችውን እንዳለች አድርገን ልንናገር አይገባም። በአዳራሾቹ ውስጥ መስቀል አላየንም፤ ሙታን አሁን የት እንዳሉም ሥራዎቹ አይናገሩም። ሸሚዙና ጫማው የሰውን መጥፋት ይመሰክራሉ፤ ከዚያ በላይ አይሄዱም። በጠረጴዛዎቹ መካከል የበቀለው ሣር ለአማኝ በምድር ወድቃ የምትሞተውን የስንዴ ቅንጣት ቢያስታውሰውም፣ ያ የአማኙ ንባብ ነው። እምነት የሚጀምረው የሥነ ጥበብ ሥራው ከሚያቆምበት ቦታ ነው፤ ነገር ግን ያንን ቦታ ዘልሎ ማለፍ አይችልም። በጠፋው ሰው ፊት ለመቆም ያልደፈረ ልብ ስለ ትንሣኤ ቢናገር ንግግሩ ባዶ ነው። ጌታ ራሱ አልዓዛርን ከማስነሣቱ በፊት በመቃብሩ ፊት እንባውን አፍስሷል።

«ምን ብዬ ልጸልይ?» ለምትለው እናትም ከዚህ የሚገኝ መልስ አለ። ጸሎት መርዶ አይጠብቅም። ልጁ ያለበትን እርሷ ባታውቅም እግዚአብሔር ያውቀዋልና፣ ስሙን ጠርታ ለእርሱ አደራ ልትሰጠው ትችላለች። «ሞቷል» ብላ መፍረድም፣ «ሕያው ነው» ብላ ራሷን ማስገደድም አይጠበቅባትም። ስለ መታሰቢያ ቅዳሴና ስለ ፍትሐት ሥርዓት ግን ከቆሞሱ ጋር ተነጋግራ ታድርግ።

ለእኛ ደግሞ ሦስት ነገሮች ቀርተውናል። አንደኛው፣ መርዶ ወዳልተነገረበት ቤት መሄድ ነው። ለቅሶ መድረስ ባይቻል መድረስ ይቻላል፤ የምንናገረው ባይኖረንም የልጁን ስም እንጠይቅ፤ ፎቶግራፉን አሳዩን እንበል። የሚፈራው የስሙ መነሣት ሳይሆን የስሙ መረሳት መሆኑን ብዙ እናቶች ይነግሩናል። ሁለተኛው፣ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን መጽሐፈ ጦቢትን ለልጆች ሲያስተምሩ በዓሣውና በመልአኩ ታሪክ ብቻ እንዳያልፉ፣ ማዕዱን ትቶ የተነሣውን ሰው ከነጎረቤቶቹ ሣቅ እንዲያስተምሩ ነው። ለስደት የሚነሣው ወጣት ከእነዚያ ልጆች መካከል ነውና።

ሦስተኛው ቀላል ነው። በየቁምስናው ሙታን በሚታሰቡበት ቀን የሚነበቡ ስሞች አሉ። ከእነርሱ ጋር በመንገድ፣ በበረሃና በባሕር የጠፉት የቁምስናው ልጆች ስም በቤተሰቦቻቸው ፈቃድ ተጽፎ ይነበብ። ከዝርዝሩ መጨረሻም አንባቢው ስማቸውን ለማናውቃቸው ብሎ ጥቂት ዝም ይበል፤ ሕዝቡም አብሮት ዝም ይበል። ከዚያ በኋላ ቅዳሴው ይቀጥል።